ኪኔሲኑ ኤቲፒ ይበላል፣ ማይክሮቲዩቡሉ ግን መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል

ቀጭን_ክር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የሰውን ኪኔሲን-1 ይዤያለሁ፤ በሴል ውስጥ ጭነት ተሸክሞ በማይክሮቲዩቡል (እንደ መንገድ በሚያገለግል ቀጭን የፕሮቲን ክር) ላይ የሚራመደውን ሞተር ፕሮቲን። የምሠራው በሙሉው ፕሮቲን አይደለም። ኬ560 በሚባለው፣ የመጀመሪያዎቹን 560 አሚኖ አሲዶች ብቻ በያዘው ቁራጭ ነው። ጫፉ ላይ ስድስት ሂስቲዲን ተቀጥሎበታል። በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ በ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳድሬ አስመርተዋለሁ፣ በኒኬል ዓምድ አጣራዋለሁ፣ ከዚያ ፕሮቲኑን ከዓምዱ ያወረድኩበትን ኢሚዳዞል አስወግጄ በትንንሽ ቱቦ እየከፋፈልኩ አቀዘቅዘዋለሁ። ጄል ላይ 65 ኪሎዳልተን አካባቢ ወፍራም መስመር አለ፤ ከሥሩ ሁለት ደብዛዛ መስመሮች ይታያሉ።

የኤቲፒ (የሞተሩ ነዳጅ) ፍጆታውን የምለካው በተለመደው መንገድ ነው፤ ፒሩቬት ካይኔዝና ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ ጨምሬ የኤንኤዲኤችን መቀነስ በ340 ናኖሜትር እከታተላለሁ። ማይክሮቲዩቡል ሳይጨመር መስመሩ ጠፍጣፋ ነው ለማለት ይቻላል። ማይክሮቲዩቡል ሲጨመር ወዲያው ቁልቁል ይወርዳል። ማይክሮቲዩቡሉን እስኪበቃው አብዝቼ ሳሰላው ለአንድ ራስ (ኤቲፒ ለሚሰብረውና ማይክሮቲዩቡል ለሚጨብጠው የሞተሩ ክፍል) በሰከንድ 11 ኤቲፒ ይደርሳል። ስለዚህ ፕሮቲኑ ይሠራል ማለት ነው።

ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በስላይድና በመሸፈኛ መስታወት መካከል ጠባብ የፍሰት ክፍል እሠራለሁ። መጀመሪያ ኬዚን (መስታወቱን የሚሸፍን የወተት ፕሮቲን)፣ ቀጥሎ ኪኔሲን፣ በመጨረሻ በሮዳሚን የተቀቡ ማይክሮቲዩቡሎችን ከ1 ሚሊሞላር ኤቲፒ ጋር አስገባለሁ። ክሮቹ ኪኔሲኑ ላይ በደንብ ይያዛሉ፤ ከዚያ አብዛኞቹ ንቅንቅ አይሉም። ጥቂቶቹ ትንሽ ሄደው ይቆማሉ። አንዳንዱ ደግሞ የፊት ጫፉ ተይዞ ከኋላ ያለው አካሉ እየተጠማዘዘ እንደ እባብ ይጠቀለላል። ብርሃኑ ጥቂት ሲቆይባቸው መቆራረጥ ይጀምራሉ።

አማካሪዬ «ኪኔሲኑን ጨምሪ» አሉኝ። እጥፍ ባደርገው ባሰበት፤ ይንቀሳቀሱ የነበሩትም ቆሙ። ኤቲፒውን ወደ 5 ሚሊሞላር ባሳድገው ለውጥ የለም። ችግሩ የፕሮቲኑ ነው ወይስ የመስታወቱ? የፍጆታው መለኪያ ጥሩ ስለሆነ እኔ መስታወቱን ነው የጠረጠርኩት። የምታውቁ ብትመክሩኝ። እህታችሁ።

ሌዘር_ወዳጅ፦

የኤቲፒሽን ክምችት ፒኤች አይተሻል? ኤቲፒ ገለልተኛ ሳይደረግ ከተሟሟ መፍትሔውን አሲድ ያደርገዋል፤ ይህ ብቻውን ሥራ ያበላሻል። ሌላው፣ የሌዘር ወጥመድ (ትንሽ ዶቃ በብርሃን ይዞ ጉልበት የሚለካ መሣሪያ) ያለው ቤተ ሙከራ በአቅራቢያሽ ካለ አንድ ሞለኪውል ከትንሽ ዶቃ ጋር አያይዘሽ ብታዪው ሁሉም ነገር ይገለጣል። ጤነኛ ኪኔሲን ከ6 እስከ 7 ፒኮኒውተን የሚደርስ ጉልበት ተቋቁሞ ይጎትታል። ያንን ካየሽ ስለ ፕሮቲኑ መጨነቅ አይኖርብሽም።

የቀዝቃዛ_ክፍል_ሰው፦

ሌዘር ወዳጅ ስለ ፒኤቹ ልክ ነው። ስለ ወጥመዱ ግን አልስማማም፤ ዶቃ ላይ የምትመርጪው የሚራመደውን ሞለኪውል ነው፣ የሚራመደው ደግሞ ደኅና መሆኑን ከወዲሁ እናውቃለን። እዚህ የቸገረን የማይራመደው ነው። ለዚህ ተራ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕና ሴንትሪፊውጅ ይበቃል።

እህቴ፣ ጽሑፍሽ ውስጥ መልሱ አለ። ክሩ ጫፉን ተይዞ ከኋላው ይጠቀለላል ብለሻል። ከኋላ የሚገፉት ሞተሮች በሕይወት አሉ፣ እየሠሩ ነው፤ ከፊት ግን አንድ የማይለቅ ነገር ጨብጦታል። ኪኔሲን ሲጨመር መባሱም ያንኑ ይናገራል። ችግሩ የሞተር ማነስ ቢሆን ኖሮ ጭማሪው ይጠቅምሽ ነበር። የጨመርሽው ከሕያዋኑ ጋር ሙቶቹንም ነው።

ሙት ስል ኤቲፒ ቢሰጠውም ማይክሮቲዩቡሉን ጨብጦ የማይለቀውን ሞተር ማለቴ ነው። ሃምሳ ሰው የሚገፋውን መኪና አንድ ያልተለቀቀ የእጅ ፍሬን እንደሚያቆመው፣ አሥር ማይክሮሜትር የሚረዝም ክር ሥር ሁለት ሦስት ሙቶች ካሉ ጉዞው አበቃ። የፍጆታ መለኪያው ይህን አይነግርሽም። እሱ የሚቆጥረው የተበላውን ኤቲፒ ብቻ ነው፤ ሙቱ አይበላም፣ ስለዚህ ድምፁ አይሰማም። እኔ አንድን የሞተር ፕሮቲን በፍጆታው ብቻ «ይሠራል» ብሎ ማሳለፍን አልወድም፤ ብዙ ጽሑፍ ላይም እንደዚያ ሲደረግ ሳይ ይከነክነኛል።

ለነገሩ ፍጆታሽም ጥሩ አይደለም። ቁጥሩን አብረን እንየው። ኪኔሲን በአንድ እርምጃ 8 ናኖሜትር ይሄዳል፣ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ኤቲፒ ይበላል። አንድ ሞተር ሁለት ራስ አለው፤ ለአንድ ራስ በሰከንድ 11 ካልሽ ለሞተሩ 22 እርምጃ ነው። 22 በ8 ሲባዛ 176፤ በሰከንድ 176 ናኖሜትር። በበቂ ኤቲፒና በክፍል ሙቀት የምንጠብቀው ግን ከ500 እስከ 800 ናኖሜትር ነው፤ ይህም ለአንድ ራስ ከ30 እስከ 50 ኤቲፒ ይመጣል። ስለዚህ ወይ ሞተሮችሽ ሁሉም ዘገምተኞች ናቸው፣ ወይ ከሦስት ወይም ከአራት አንዱ ብቻ ይሠራል።

ሁለቱን ለመለየት አዲስ ሙከራ አያስፈልግሽም። ቀድሞ የቀረጽሽውን ፊልም ክፈቺና ትንሽ ሄደው የቆሙትን ክሮች ብቻ፣ በሚሄዱበት ሰዓት ያላቸውን ፍጥነት ለኪ። ሁሉም በ170 አካባቢ የሚዳክሩ ከሆነ የሞተሩ ጠባይ ተበላሽቷል፤ ጂኑን በቅደም ተከተል ንባብ አረጋግጪ፣ መፍትሔዎችሽን መርምሪ። በ500 እና በ600 እየበረሩ ድንገት የሚቆሙ ከሆነ ግን ሕያዋኑ ጤነኞች ናቸው፤ ሙቶቹን ማውጣት ብቻ ነው የቀረሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዓምዱን በምታጥቢበትና ፕሮቲኑን በምታወርጂበት መፍትሔ ውስጥ ማግኒዥየምና ኤቲፒ አለ? ኢሚዳዞሉን በምታስወግጂበትስ?

ቀጭን_ክር፦

በጣም አመሰግናለሁ። ፊልሞቹን ከፍቼ ለካሁ። የሚሄዱት ከ520 እስከ 640 ናኖሜትር በሰከንድ ነው የሚሄዱት፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላሉ፤ ቀስ በቀስ የሚዘገይ የለም።

ማግኒዥየም በሁሉም ውስጥ አለ። ኤቲፒ ግን ሴሎቹ በሚሰበሩበት መፍትሔ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከቤተ ሙከራው የተረከብኩት አሠራር ላይ ከዚያ በኋላ አልተጻፈም። ፕሮቲኑን ለሌላ ሥራ የሚጠቀሙ ስለነበሩ ይመስለኛል።

ሦስተኛ_ዓመት፦

ጣልቃ ልግባ። ሙቶቹን ከማሳደድሽ በፊት መስታወቱን ከተጠርጣሪነት አውጪው፤ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። አንድ ክፍል ኬዚን ብቻ አድርጊበት፣ ኪኔሲን ሳይኖር ማይክሮቲዩቡሎቹን አስገቢና እጠቢ። አንድም ክር መቅረት የለበትም። ከቀረ ጥፋቱ የኬዚኑ ነው። በሁለተኛው ክፍል ኪኔሲን አስገቢና በኤቲፒ ፈንታ ኤኤምፒ-ፒኤንፒ ስጪው፤ ይህን ሞተሩ መሰባበር ስለማይችል ክሮቹን ሁሉ ጨብጦ ይቆማል። ከዚያ ዓይንሽን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሺ በኤቲፒ እጠቢው። የሚነሣው ይነሣል፣ የማይነሣው ደግሞ ፊትሽ ተጋድሞ ይቀራል።

ስለ ኬዚን ካነሣን ዘንድ፦ ዱቄቱ በውሃ አይሟሟም፣ ትንሽ አልካላይ ይፈልጋል፤ ከሟሟ በኋላም ካልተጣራ ወይም በሴንትሪፊውጅ ካልተዘቀጠ ጉብታ ጉብታ ሆኖ መስታወቱ ላይ ይቀመጥና ክሮቹን ይጠልፋል። በፓይፕስም፣ ማለትም ቢአርቢ80 የሚባለው የማይክሮቲዩቡል መፍትሔ በሚዘጋጅበት ዱቄት፣ አትቸኩይ። ነጭ ደለል ሆኖ «አልሟሟም» ሲል ብዙ ሰው ያሞቀዋል፤ ሙቀት አይደለም የሚፈልገው። ፖታስየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ ሲደረግበት ለረጅም ጊዜ ወተት መስሎ ይቆይና በድንገት ጥርት ይላል። ከዚያ ነው በጥንቃቄ ወደ 6.8 ወይም 6.9 የሚደረሰው።

ሌላው፣ ኬ560 ጅራት የለውም። ሙሉው ኪኔሲን ኬዚን በተቀባ መስታወት ላይ በጅራቱ ተቀምጦ ራሶቹን ለሥራ ነፃ ያደርጋል፤ የአንቺ ግን በየት ወገን እንደሚጣበቅ አይታወቅም፣ በራሱ ከተደፋ ያልቅለታል። ፀረ-ሂስቲዲን ፀረ እንግዳ አካል መስታወቱ ላይ ቀብተሽ፣ ከዚያ ኬዚን፣ ከዚያ ኪኔሲን ብታስከትዪ ሁሉም በጅራት ወገን ይያዛል። እኔ ያለዚህ ኬ560ን አልነካም።

የቀዝቃዛ_ክፍል_ሰው፦

ሦስተኛ ዓመት ያለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ መስታወቱን ቀድሞ ማጥራት ተገቢ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉም ይጠቅማል፣ ግን ሙቱን ሕያው አያደርገውም፤ እንዲያውም ሙቱንም አመቻችቶ ያስቀምጥልሻል።

ኤቲፒው የጠፋበት ቦታ ተገኘ ማለት ነው። የኪኔሲን ራስ ኪሱ ውስጥ ኑክሊዮታይድ ይዞ መኖር ይፈልጋል። ኪሱ ባዶ ሆኖ ለሰዓታት ኢሚዳዞል ውስጥ ከዋለ፣ ከዚያም በዓምድ ከታጠበ የተወሰነው ይበላሻል፣ ተመልሶም አይድንም። ለሚቀጥለው ዝግጅት ከመጀመሪያው እስከ ማቀዝቀዣው በየመፍትሔው 0.1 ሚሊሞላር ኤቲፒና 1 ሚሊሞላር ማግኒዥየም ይኑር። ኤቲፒው በ280 ናኖሜትር የምታደርጊውን የፕሮቲን ልኬት ያዛባል፤ ይዛባ፣ በሌላ መንገድ ትለኪዋለሽ።

አሁን በእጅሽ ያለውን ግን አትጣዪው። ሙቱና ሕያው የሚለያዩበት ጠባይ አላቸው፦ ሁለቱም ማይክሮቲዩቡል ይጨብጣሉ፣ የሚለቀው ግን ሕያው ብቻ ነው። መጀመሪያ በመፍትሔው ያለውን ነፃ ኤቲፒ በትንሽ ዓምድ አውጪ፤ ካለ ከኤኤምፒ-ፒኤንፒው ጋር ይሻማል። ወዲያው በታክሶል የተረጋጉ ማይክሮቲዩቡሎችን ከኪኔሲኑ አብልጠሽ፣ 1 ሚሊሞላር ኤኤምፒ-ፒኤንፒ ጨምረሽ፣ ጨው ሳታበዢ በክፍል ሙቀት ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጪው። ድብልቁን ወፍራም የስኳር መፍትሔ ላይ በቀስታ አንሳፊና በ100,000 ጂ (የመሬት ስበት 100,000 እጥፍ) አዙሪው። የሴንትሪፊውጁ መሽከርከሪያ (ሮተር) የክፍል ሙቀት ይኑረው፤ ሰው ሁሉ ከልማድ በረዶ ያደርገዋል፣ ማይክሮቲዩቡል ግን ብርድ አይወድም። ያልጨበጠው፣ ማለትም የተኮማተረውና የማይረባው፣ ከላይ ይቀራል፤ ያንን አስወግጂ።

ከታች የምታገኚው ዝቃጭ እንደ ዓይን መነጽር የጠራ ስለሆነ የሌለ ሊመስልሽ ይችላል፤ ቱቦውን ከመግባቱ በፊት በውጪው ጎኑ ላይ ምልክት አድርጊበት። 5 ሚሊሞላር ኤቲፒ፣ ከ200 እስከ 300 ሚሊሞላር ፖታስየም ክሎራይድና ታክሶል ባለው መፍትሔ፣ ጫፉ በተቆረጠ ፒፔት አረፋ ሳታስነሺ ፍቺው፤ ጥቂት ታግሰሽ እንደገና አዙሪ። በዚህ ጊዜ የምትፈልጊው ከላይ ያለውን ነው። ሕያዋኑ ለቀው ወጥተዋል፣ ሙቶቹ ከማይክሮቲዩቡሉ ጋር ተያይዘው ወርደዋል።

ይህ የእኔ ብልሃት አይደለም። ሮናልድ ቬል፣ ቶማስ ሪስና ማይክል ሺትዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ኪኔሲንን ሲያገኙ የተጠቀሙት በዚሁ የኤኤምፒ-ፒኤንፒ ጠባይ ነው፤ ከስኩዊድ ትልቁ የነርቭ ክር ተነሥተው። ያኔ ስሙ እንኳ ያልወጣለትን ፕሮቲን ከመቶ ዓይነት ሌላ ፕሮቲን መሐል ያወጣላቸው መጨበጡና መልቀቁ ነበር። ዛሬ የሂስቲዲን ጅራትና የኒኬል ዓምድ ስላለን ረስተነዋል። ኒኬሉ ሂስቲዲኑን እንጂ ሥራውን አያይም።

ስለ መቆራረጡ፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከሙቶቹ ጋር አታገናኚው። ሮዳሚኑ ብርሃን ሲመታው ከኦክስጅን ጋር ተባብሮ ክሩን ይበጣጥሰዋል። ግሉኮስ፣ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ፣ ካታሌዝና ጥቂት ቤታ-መርካፕቶኤታኖል ከመፍትሔው ጋር ሊገባ ሲል ቀላቅዪ። አስቀድመሽ ቀላቅለሽ ጠረጴዛ ላይ አታቆዪው፤ ግሉኮሱ ወደ አሲድ እየተለወጠ ፒኤቹን ይጎትተዋል። የብርሃኑን መዝጊያም ክሮቹን ካላየሽ ዝጊው።

ሦስተኛ_ዓመት፦

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሙቶቹ ከወጡ በኋላ ኪኔሲኑን እያሳሳሽ ስትሄጂ ክሩ በአንድ ነጥብ ላይ ሲሽከረከር ታያለሽ፤ እንደገና ተጣበቀ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የሽክርክሪቱ ነጥብ መስታወቱ ላይ አይንቀሳቀስም፣ ክሩ ግን በነጥቡ ላይ እያለፈ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ከፊት ጫፉ አጠገብ የነበረው ነጥብ ቆይቶ መሐሉ ላይ፣ ከዚያ ጭራው ላይ ይደርስና ክሩ ተነሥቶ ይንሳፈፋል። ያ አንድ ሞተር ብቻውን ተሸክሞት ነው። ሙት ከሆነ ግን ነጥቡ ክሩ ላይም ቦታውን አይለቅም።

ቀጭን_ክር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ያለ ኪኔሲን የቀረ ክር የለም ማለት ይቻላል። ከኤኤምፒ-ፒኤንፒ ወደ ኤቲፒ ሳጥበው ግን የተነሡት ጥቂቶች ነበሩ፤ ሌላው እንደተጋደመ ቀረ።

ከዚያ የመጨበጥና የመልቀቁን ሥራ ሠራሁ። የተለቀቀውንም የዘቀጠውንም ጎን ለጎን ጄል ላይ ጫንኩ፤ የሚበልጠው ኪኔሲን የዘቀጠው ውስጥ ነው ያለው። ባየሁ ጊዜ ደንግጬ ነበር፤ ያ ሁሉ ፕሮቲን ሙት ነው ማለት ነው? በተለቀቀው ያደረግኩት ሙከራ ግን ሌላ ነው፤ ማያው ላይ ያሉት ክሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ይሄዳሉ፣ በአማካይ 590 ናኖሜትር በሰከንድ። የኦክስጅኑ ዘዴም ሠርቷል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። በተለቀቀው ውስጥ ከ50 ኪሎዳልተን ትንሽ ከፍ ብሎ ደብዛዛ መስመር አለ፤ በፊት አልነበረም። ደግሞ የፍጆታውን መለኪያ በብራድፎርድ (ጠቅላላ ፕሮቲንን በቀለም በሚለካው ዘዴ) በለካሁት መጠን አስልቼ ለአንድ ራስ 24 ብቻ አገኘሁ። በፍጥነቱ ከሆነ 37 አካባቢ መሆን አልነበረበትም?

የቀዝቃዛ_ክፍል_ሰው፦

ስሌቱን ራስሽ መሥራትሽ ደስ ይላል። 590ን ለ8፣ ከዚያ ለሁለት፤ አዎ፣ 37።

አዲሱ መስመር ቲዩቡሊን ነው፤ ማይክሮቲዩቡል የሚሠራበት ፕሮቲን። ከዝቃጩ ተነሥቶ የተለቀቀ፣ ወይም በክር ያልተያያዘ። ሥራውን አይረብሽም፤ ብራድፎርድ ግን ኪኔሲንና ቲዩቡሊን ለይቶ አያውቅም፣ ሁለቱንም ደምሮ «ይህን ያህል ኪኔሲን አለሽ» ይልሻል። የራሶቹ ቁጥር ከእውነቱ ይበልጣል፣ ለአንድ ራስ የሚደርሰው ኤቲፒም በዚያው ልክ ያነሰ ይመስላል። ከፍጆታው በፊት መጠኑን አስተካክዪ፦ አንድ ጄል ላይ መጠኑ የታወቀ የከብት ሴረም አልቡሚን ከትንሽ ወደ ትልቅ በተርታ ጫኚ፣ አጠገቡ ፕሮቲንሽን፤ ከዚያ የ65 ኪሎዳልተኑን መስመር ድምቀት ብቻ ከተርታው ጋር አነጻጽሪ። በዚያ ቁጥር መልሰሽ አስዪው። ያኔም 37 ላይ ባይደርስ፣ ማይክሮቲዩቡሉን በእርግጥ እስኪበቃው ማብዛትሽን እዪ፤ ከርቩ ገና ሽቅብ እየወጣ ከሆነ ጫፉን አልደረስሽበትም።

የዘቀጠው ሁሉ ግን ሙት ነው ብለሽ አትቁጠሪ። ጨዉ ትንሽ ከሆነ ወይም የቆየው ጊዜ ካጠረ ሕያውም ሳይለቅ ይወርዳል። ዝቃጩን አንድ ጊዜ ደግመሽ በኤቲፒና በጨው ብትፈቺው የሚወጣ ይኖራል።

የተለቀቀውን ሱክሮስ ከ10 እስከ 20 በመቶ አድርጊበት፣ አንድ ሙከራ በሚበቃ መጠን በየቱቦው ክፈዪ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዢና በኔጌቲቭ 80 ዲግሪ አስቀምጪ። አንዴ የቀለጠ ቱቦ አይመለስም፤ የተረፈው ይደፋ።